የእናቶቻችን ቋጠሮና የእኛ ስጦታ

(በክረምት ዕረፍት አቦምሳ ላይ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው በእጁ እየቋጠረ ያሳየውን ሁሉ በጽሑፍ ማስፈር ስለማይቻል አዘጋጆቹ በቅንፍ ጥቂት መግለጫ ጨምረናል።)



የዛሬው ንግግር ርእስ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ፣ «ሌላ የሚነገር ነገር ጠፍቶ ነው ስለ ስጦታ መጠቅለያ የምንሰበሰበው?» ብለው የሳቁ ጓደኞች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሳቃቸው አላስቀየመኝም። የአገር ጉዳይ ይህን ያህል ተከምሮ ሳለ ስለ ጨርቅና ስለ ቋጠሮ ማውራት ለመጀመሪያ ሰሚ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም አንድን ሰው ትምህርቱ በቤቱ ነገር እንዲኮራ ወይም እንዲያፍር አድርጎት እንደሆነ ለማወቅ ቢፈለግ፣ ስጦታውን በምን ይዞት እንደሚመጣ መመልከት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንነጋገር። ዕቃን በጨርቅ አድርጎ መያዝን የሚናገሩ ሁለት ግሶች አሉን፤ አንዱ «ጠቀለለ»፣ ሁለተኛው «ቋጠረ» ነው። «ጠቅልሎ ጎረሰ»፣ «ጠቅልሎ ወሰደ»፣ «ጠቅልሎ ገባ» ስንል ነገሩ አለቀ፣ ተፈጸመ ማለታችን ነው። ቋጠረ ግን ለኋላ ማሰብ አለበት። ስንቅ ይቋጠራል፤ ሳንቲም በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል፤ ዛፍ ፍሬ ይቋጥራል፤ ዐይን ዕንባ ይቋጥራል፤ ክፉ ሰው ደግሞ ቂም ይቋጥራል። በሁሉም ውስጥ ያለው አሳብ አንድ ነው፤ አንድን ነገር ከውስጥ ይዞ ለጊዜው ማቆየት። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይቀደዳል፤ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ግን ይፈታል። የተቀደደው ይጣላል፤ የተፈታው ታጥፎ ይቀመጣል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

አሁን ያለውን ልማዳችንን እንመልከት። የምረቃ ቀን ሲደርስ፣ ወይም የጓደኛ ልደትና ሰርግ ሲሆን፣ ከሱቅ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይገዛል፤ ወረቀቱ በፕላስተር ይያያዛል፤ ከላዩ ላይ በመቀስ ጫፍ ተስቦ የተጠቀለለ የላስቲክ ሪባን ይደረግበታል። ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ዕድሜው ስንት ነው? ተቀባዩ እስኪቀድደው ድረስ ነው። ተማሪ ደግሞ ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ለመጽሐፉ የሚከፍለውን ቀንሶ ለወረቀቱ የሚከፍል አለ። በምረቃ ማግስት በየአዳራሹ ደጅ ነፋስ የሚያንከባልለውን ብልጭልጭ ያየ ሰው የምለውን ያለ ማስረጃ ይቀበለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ዕቃ ላስታውሳችሁ። በዚህ በእኛ በመርቲ ስም የሚጠራውን የቲማቲም ድልህና የማርማላታ ቆርቆሮ የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው። ድልሁ በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ ቆርቆሮው ግን አይጣልም። ታጥቦ ጣሳ ይሆናል፤ ዱቄት ይለካበታል፤ ውሃ ይቀዳበታል፤ ጤና አዳም ይተከልበታል። ፋብሪካው ይህን ሲያስብ አልሠራውም፤ ሁለተኛውን ዕድሜ የሰጡት የቤት እመቤቶች ናቸው። ጥሩ መያዣ ማለት ከያዘው ነገር በኋላ የሚኖር ነው የሚለውን ትምህርት የአቦምሳ ሴቶች በጣሳው አስተምረውናል። ለስጦታ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ወጪው አይደለም። ከአቦምሳ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ከቤቱ የሚወጣው ቋጠሮ ይዞ ነው። በአርሲ ቤት በዚህ ቋጠሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጭኮ ነው፤ ይኸውም የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው፣ ብዙ ቀን ሳይበላሽ የሚቆየውና ጥቂቱ የሚያጠግበው ምግባችን ነው። እናት ጭኮውን በዕቃ ትከታለች፤ ዕቃውን በታጠበ ጨርቅ መካከል ታስቀምጣለች፤ አራቱን ማዕዘን አንሥታ ትቋጥራለች፤ ቋጠሮውንም በጥርስዋ ጭምር ስባ ታጠብቀዋለች። ልጁ መናኸሪያ እንደ ደረሰ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ጨርቁን ፈትቶ ሊሸኘው ለመጣው ታናሽ ወንድሙ ይመልስና ዕቃውን የሱቅ ስም በታተመበት ፌስታል ይከተዋል። ይህን የሚያደርገው «ቋጠሮ ይዞ የመጣ የባላገር ልጅ» እንዳይባል ነው። በመኝታ ቤት ጭኮው ሲከፈት ግን የሚያፍር ሰው አይታይም፤ ከየአልጋው የሚዘረጋው እጅ ብዙ ነው። እንግዲህ የምናፍረው በምግቡ ሳይሆን በጨርቁ ነው ማለት ነው። እናቲቱ ግን ከሁለቱ አብልጣ የተጠነቀቀችው ምናልባት ለጨርቁ ነበር።

ይህ እፍረት መሠረት የሌለው መሆኑን ለማሳየት፣ በአገራችን መሸፈንና መቋጠር እስከ ምን ድረስ የከበረ ሙያ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ሰው ከተወለደ በኋላ የሚታዘልበት አንቀልባ መያዣ ነው፤ ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ በዛጎል የሚያጌጥ አለ። መንገደኛ ምግቡን የሚይዝበት አገልግል ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰ ነው፤ ጠፍሩ ሲታሰር ወጡ አይፈስም፣ እንጀራውም አይደርቅም። ወደ ልቅሶ ቤትም ሆነ ወደ ሰርግ ቤት መሶብ ራቁቱን አይሄድም፤ ጨርቅ ለብሶ ነው። ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ድፎ ዳቦም በኮባ ተሸፍኖ ይጋገራል። (ጫትም በኮባ እንደሚጠቀለል አውቃለሁ፤ ስለዚያ ግን የተጋበዝኩበት ጉዳይ አይደለም።) በየቤታችን እንኳ ራዲዮኑና ቴሌቪዥኑ የዳንቴል ልብስ ነበረው። ይህን የዳንቴል ነገር ዛሬ የምንስቅበት ቢሆንም፣ የሠሩት እጆች የከበረ ዕቃ ሳይሸፈን አይቀመጥም የሚለውን ሥርዓት መፈጸማቸው ነበር።

ከቤት ዕቃ ከፍ ብለን ብንመለከት ደግሞ ሥርዓቱ ይበልጥ ይገለጻል። ታቦት በጥምቀት በዓል በካህናት ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ በከበረ ልብስ ተሸፍኖ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ብዙዎቹ ቁርኣንን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡታል። የብራና መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ይሠራለታል፤ በመጽሐፉም ውስጥ እጅግ የምወደው አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ ጥንታውያን መጻሕፍት ሥዕል ካለበት ገጽ በላይ ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ ተሰፍታ ትገኛለች። አንባቢው ሥዕሉን ለማየት መጋረጃይቱን በጣቱ ገለጥ ማድረግ አለበት። ከእንጨቱ ገበታ ውስጠኛ ወገንም ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የሐር ወይም የጥጥ ቁራጭ ተለጥፎ ይታያል። ያን ቁራጭ ያስገባው ሰው ለልብስ የማትበቃ ጨርቅ አግኝቶ ሳይጥላት ማንም በማያስበው ቦታ አኖራት። እኔ በጨርቅ መጫወት የምለው ይህን ነው፤ ጨዋታውም ከእኛው ቤት የተገኘ ነው።

ሁሉም ስጦታ ግን አይሸፈንም። የአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ በሰርግዋ ቀን ከእናትዋ እጅ ሲንቄ ትቀበላለች። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፤ ነገር ግን ያገባች ሴት የክብርዋና የመብትዋ ምልክት ስለሆነች፣ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ስጦታ በጨርቅ መሸፈን አይገባም፤ ሰው ሁሉ ሊያየው ያስፈልጋልና። ጥሎሽም እንዲሁ በሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል። ከዚህ የቀረው ስጦታ ግን በልማዳችን ሰጪው ባለበት አይከፈትም፤ ተቀባዩ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ ያስቀምጠዋል። ትንሽ የያዘም ሰው እንዳያፍር፣ ብዙ የያዘም ሰው እንዳይታበይ የተበጀ ጨዋነት ነው። ለዚህ ጨዋነት ደግሞ ከሚያብረቀርቅ ወረቀት ይልቅ የተቋጠረ ጨርቅ ይስማማዋል፤ ወረቀት ቅደደኝ እያለ ይጣራል፤ ቋጠሮ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ስለ ጨርቁ ስናነሣ ጨርቁን የሠራውን ሰው ማለፍ አይቻልም። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ክሩ ከልቃቂት ወደ ድርና ወደ ማግ ይለወጣል፤ ከዚያም ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። የጥለቱን ቀለም የሚመርጠው፣ ስንት ክር ቀይ ስንት ክር ቢጫ እንደሚገባ በልቡ የሚቆጥረው እርሱ ነው። ጌጡን «ጥበብ» ብለን ስንጠራው ሥራው ዕውቀት መሆኑን መመስከራችን ነበር፤ ሠሪውን ግን ሰደብነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን ሲከለክሉ ከጠቀሷቸው ሠራተኞች አንዱ ሸማኔ ነው። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩትን ለመግዛት ሰው ወደ ሽሮ ሜዳ ይጎርፋል፤ ለበዓል የምንለብሰውን ጨርቅ ለስጦታ መያዣ ስናደርገው ግን እንደ ኋላ ቀርነት እንቆጥረዋለን። ይህን ተቃርኖ የሚያስረዳኝ መምህር ባገኝ ደስ ይለኛል።

ከእኛ ውጭ ያሉ ሕዝቦች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ጃፓኖች «ፉሮሺኪ» የሚሉት አራት ማዕዘን ጨርቅ አላቸው። «ፉሮ» መታጠቢያ ማለት ነው፤ «ሺኪ» ምንጣፍ ማለት ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ልብሳቸውን የሚቋጥሩበት ስለነበረ ስሙ በዚያው ቀረ፤ ኋላም ነጋዴው ሸቀጡን፣ ተማሪው መጽሐፉን፣ እንግዳው ስጦታውን የሚይዝበት ሆነ። በዘመናችን ፌስታል መጥቶ ሊያስረሳቸው በደረሰ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዩሪኮ ኮይኬ ከተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ በተገኘ ክር የተሠራ ፉሮሺኪ አሠርተው ሕዝቡ ወደ ልማዱ እንዲመለስ ቀሰቀሱ። አንድ ሚኒስትር በአደባባይ ስለ ቋጠሮ መናገር ክብሩን አይቀንሰውም ማለት ነው። በርእሱ ለሳቁት ጓደኞቼ ይህን እንደ መልስ ይቀበሉኝ።

የጃፓን ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክት ወደዚያ ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ መጽሐፉንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለውታል። ማኅደር ያው የመጽሐፍ ልብስ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዘመን ከጃፓን የሚመጣ የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። አባቶቻችን ጨርቁን ገዙ፤ የጨርቁን አቋጣጠር ግን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸው ነበራቸውና። ኮሪያም፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተባት፣ «ቦጃጊ» የሚባል የመቋጠሪያ ጨርቅ አላት። ሴቶቹ ከልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ የሚሰፉት ዛሬ በቤተ መዘክር ተሰቅሎ እንደ ሥዕል ይጎበኛል። ቁርጥራጭ በመሆኑ ያፈረበት የለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

(እዚህ ላይ ተናጋሪው ከጠረጴዛው ላይ አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ዘረጋ።)

በመጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ጨርቁ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ ከሚቋጠረው ዕቃ ርዝመት ሦስት እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በየጎኑ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ጨርቅ በሰያፍ 70 ያህል ነው፤ ስለዚህ 23 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው መጽሐፍ ይበቃዋል። በየጎኑ 70 የሆነው ደግሞ በሰያፍ 1 ሜትር ያህል ስለሚመጣ 33 ሳንቲሜትር የሆነ ዕቃ ይይዛል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ለመጽሐፍ የሚሆን አራት ጨርቅ ይወጣዋል። ጠርዙ ካልተቀመቀመ ግን ክሩ እየተተረተረ ያሳፍራልና ይህን አትርሱ።

ሁለተኛው ቋጠሮው ነው። አብዛኛው ሰው የቀኙን በግራው ላይ ያሳልፍና፣ ሁለተኛውንም ጊዜ የቀኙን በግራው ላይ ይደግመዋል። ይህ ቋጠሮ ይጣመማል፤ ሲጎተትም ይሾልካል። የመጀመሪያውን ቀኙን በግራው ላይ ካሳለፋችሁ፣ ሁለተኛውን ግራውን በቀኙ ላይ አድርጉ። ያን ጊዜ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ ሁለቱ ጫፎችም እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ለመፍታት ጥርስ አያስፈልግም፤ አንዱን ጫፍ ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ስቦ ቋጠሮውን ማንሸራተት ይበቃል።

(ተናጋሪው ሁለቱንም ዓይነት ቋጥሮ አሳየ። የመጀመሪያው ወዲያው ስለተፈታ አዳራሹ ሳቀ።)

መጽሐፍ ከሆነ ጨርቁን ማዕዘኑ ወደ ደረታችሁ እንዲሆን ዘርጉት፤ መጽሐፉን ከመካከል አስቀምጡ፤ ወደ እናንተ ያለውን ማዕዘን በላዩ ላይ አጥፉ፤ ከፊት ያለውን መልሱበት፤ የቀኙንና የግራውን አምጥታችሁ ከላይ ቋጥሩ። የማር ጠርሙስ ከሆነ ከመካከል አቁሙት፤ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ማዕዘኖች አንሥታችሁ ከክዳኑ በላይ ቋጥሩ፤ የቀሩትን ሁለቱን በአንገቱ ዙሪያ አጠላልፋችሁ ከፊት ለፊት እሰሩ። ጠርሙሱ ነጠላ ያጣፋች ወይዘሮ ይመስላል። ዳቦ ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉትን ማዕዘኖች ሁለት ሁለቱን ብትቋጥሩ ሁለት እጀታ ያለው ቦርሳ ይሆንላችኋል። ጭኮ የምትቋጥሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ቅቤው ጨርቁን ያበላሻልና ከውስጥ ክዳን ያለው ዕቃ ወይም የኮባ ቅጠል ያስፈልጋል።

ነጠላ አራት ማዕዘኑ እኩል ስላልሆነ ሌላ መላ ይሻል። ዕቃውን ከመካከል አድርጎ መጠቅለልና ሁለቱን ጫፍ በክር ማሰር ነው። ያን ጊዜ ጥለቱና ዘርፉ በሁለቱም ወገን እንደ አበባ ይፈነዳል፤ የላስቲክ ሪባን የሚፈልግ ሰው ይህን አይቶ ይፍረድ። ነገር ግን የጥለት ሥርዓት አለ። ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ ሲለበስ የኀዘን ምልክት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ የደስታ ስጦታ ሲሆን ጥለቱ ከውጭ ይታይ፤ ለልቅሶ ቤት የሚሄድ ስንቅ ሲሆን ግን ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፉት እላለሁ። ይህ የእኔ አሳብ ነው እንጂ የቆየ ልማድ አይደለም፤ ቢሆንም ነጠላ የሚናገረውን ቋንቋ ስጦታም እንዲናገረው ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። ሰንደቅ ዓላማን ግን ለመጠቅለያ ማዋል አይገባም፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

አሁን ወደ ጨዋታው መጥቻለሁ። አያቶቻችን ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ ፈትተው ሳንቲም ሲሰጡን የሚሰማን ደስታ ከሳንቲሙ የሚበልጥ ነበር፤ ደስታው ከመጠበቁ የመጣ ነው። ስለዚህ ከትልቁ ቋጠሮ አንድ ማዕዘን ላይ ሌላ ትንሽ ቋጠሮ ጨምሩ፤ በውስጡም ጥቂት የቡና ፍሬ፣ ወይም የእጅ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይኑር። ከቋጠሮው ሥር ደግሞ በመስከረም አደይ አበባ፣ በሌላው ወር የጤና አዳም ቅርንጫፍ ሰካ ማድረግ ነው፤ ጤና አዳሙ በኋላ ወደ ቡናው ይገባልና እርሱም አይጣልም።

ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታም አለን። ስጦታውን በሦስት ጨርቅ፣ አንዱን ከአንዱ ውስጥ ቋጥሩትና በየቋጠሮው ላይ አንድ እንቆቅልሽ ጽፋችሁ ስኩበት። ተቀባዩ ያላወቀውን ቋጠሮ እንዲፈታ አይፈቀድለትም፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሲሰጥ ብቻ ይፈታል። አቦምሳን እሰጣለሁ የሚል የዚህ ከተማ ልጅ ቢኖር ግን አስቀድሞ እናቱን ያስፈቅድ። ይህን ጨዋታ የፈለሰፈው የውጭ አገር ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ በብዙ ገንዘብ ተሽጦ ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

ጌጡንስ ከየት እናመጣለን ትሉ ይሆናል። ከገበያው የልብስ ስፌት መኪና ሥር! ልብስ ሰፊዎቻችን የተማሪዎችን ዩኒፎርም ሲሰፉ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ተጠርጎ የሚወጣ ነው። ካንዱ ትምህርት ቤት ሰማያዊ፣ ካንዱ ቡናማ፣ ካንዱ ደግሞ አረንጓዴ ይገኛል። አንድ ክፍል ተማሪ ለተሰናባች መምህሩ ስጦታ ሲያዘጋጅ የራሱን ዩኒፎርም ቁርጥራጭ አሰፍቶ በዚያ ቢቋጥረው፣ መምህሩ ከስጦታው በላይ ጨርቁን የሚያስቀምጥ ይመስለኛል። ያረጀ የእናት ቀሚስ፣ ጥልፍ ያለው አሮጌ መሐረብ፣ የተቀደደ ጋቢ ደኅናው ወገን፣ ሁሉም ይሆናል። በሸማኔ የተሠራ አዲስ ጨርቅ ግን ለትዕይንት ብሎ መቁረጥ አይገባም፤ ሙሉውን ቋጥራችሁ ሙሉውን ስጡ።

መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው ጨርቅ ከወረቀት ይወደዳል የሚል ነው። አዲስ ከተገዛ እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግን አንድ ጊዜ ሲሰጥ ጨርቁ ዐሥር ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ጨርቁን መመለስ አለብኝ ወይስ ልውሰደው ብሎ ተቀባዩ ይቸገራል የሚል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቃል መናገር ያሳፍራልና። እኔ የማቀርበው መላ፣ ጨርቁ የስጦታው ክፍል ከሆነ ሁለት ቋጠሮ ይደረግ፤ እንዲመለስ የሚፈለግ ከሆነ አንድ ቋጠሮ ብቻ ይሁን የሚል ነው። የተሻለ አሳብ ያለው ይናገር። ሦስተኛው ንጽሕና ነው፤ ለዚህ ሳሙና አለ።

«ፌስታል እያለ ምን አስጨነቀን?» ለሚሉት ደግሞ ሕጉን ላስታውሳቸው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን አዋጁን አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ነገር ጭራሹን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ያ ልጅ በመናኸሪያ ፈትቶ ወደ ቤት የመለሰውን ጨርቅ በሕግ ተገድዶ መልሶ ሊይዘው ነው። በግድ ከመያዝ አስቀድሞ በፈቃድ መያዝ አይሻልም ትላላችሁ?

አሁን ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በመጪው ምረቃ ጊዜ በአዳራሹ መግቢያ አንድ የጨርቅ ጠረጴዛ ይኑር። ከየከተማችን ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁርጥራጩን ሰብስበን፣ አጥበንና ቀምቅመን እናመጣለን። ልብስ ሰፊዎቹ እስከ ዛሬ በነጻ የሚጥሉት ቢሆንም እኛ ጥቂት ብር ልንከፍላቸው ይገባል፤ ለመቀምቀሚያውም ጭምር። ስጦታ ያለው ተማሪ ከጠረጴዛው አንድ ጨርቅ ይወስዳል፤ ተቀባዩ ጨርቁን የማይፈልገው ከሆነ ለሚመጣው ዓመት ተመራቂ ይመልሰዋል። ከአርሲ የሚመጣ ተማሪ የእናቱን ቋጠሮ ሳይፈታ ይዞ ቢገባ ደግሞ፣ ያ ቋጠሮ በጠረጴዛው መካከል እንዲቀመጥና ሌላው አይቶ እንዲማርበት እፈልጋለሁ። የገንዘቡ ስሌት ከባድ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ስላየሁ ከስብሰባው በኋላ ቁጥሩን ለብቻ አሳያቸዋለሁ።

ጨርቆቹ እነሆ በዚህ በኩል ናቸው፤ አርባ ያህል ይሆናሉ። አንድ አንድ አንሡ። መጽሐፍ የያዛችሁ በመጽሐፉ ጀምሩ፤ ያልያዛችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ ብትቋጥሩም አልከፋም። መምህራኖቻችን ከፊት ረድፍ እንዲጀምሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ።